በደጋ ታሽጎ በቆላ የተጨማደደው ማር፦ የአንድ ላኪ ድርጅት የማሸጊያ ምርጫ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የማር ማቀነባበሪያ ድርጅት የመጀመሪያውን የባሕር ጭነት ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በላከበት ጊዜ የገጠመውን ችግርና ችግሩ የተፈታበትን መንገድ ይመዘግባል። በጉዳዩ ውስጥ የገባሁት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ፣ ድርጅቱ ስለ ማሸጊያ ምክር እንድሰጥ በጠየቀኝ ጊዜ ነው። ባለቤቶቹ ጉዳዩ እንዲጻፍ የፈቀዱት የሰውም የድርጅትም ስም እንዳይጠቀስ በሚል ስምምነት ስለሆነ ላኪውን፣ ገዢውንና የማሸጊያ አቅራቢውን በሥራ ድርሻቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ።

ጉዳዩን ልመዘግበው የወደድኩት ስህተቱ የግዴለሽነት ስላልነበረ ነው። ሥራ አስኪያጇም ሆነች የምርት ክፍል ኃላፊው ጠንቃቆች ነበሩ፤ የሦስት አቅራቢዎችን ፕሮፎርማ አወዳድረዋል፣ ናሙና አስመጥተዋል፣ ናሙናውን ፈትነዋል። ነገር ግን ፈተናው ሁሉ የተካሄደው ማሩ በሚታሸግበት ቦታ ሲሆን፣ ማሩ ደግሞ የሚጓዘው አየሩም ሙቀቱም ፈጽሞ ወደተለየ ስፍራ ነበር።

የድርጅቱ ሁኔታ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም ከምርቱ አብዛኛው የሚውለው ለጠጅ ነው። ስለዚህ ማር ከገበሬው እስከ ነጋዴው ድረስ የሚዘዋወረው በባልዲ፣ በጄሪካንና በበርሜል ሲሆን፣ በአንድ ኪሎ ብልቃጥ ታሽጎና መለያ ተለጥፎበት ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ጥቂቱ ነው። ድርጅቱም ቀደም ሲል ለአገር ውስጥ ነጋዴዎች በባልዲ ይሸጥ ነበር። የውጭው ገዢ ግን መደርደሪያ ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ፣ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት የአንድ ኪሎ ማር ፈለገ።

አማራጮቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው መስታወት ነው፤ ለዓይን ያማረ ቢሆንም አንዱ ብልቃጥ ብቻውን ወደ 300 ግራም ይመዝናል፣ ይሰበራልም። ሁለተኛው ፔት የሚባለው፣ የታሸገ ውሃ የምንጠጣበት ዓይነት ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ሦስተኛው ማሩን በትልልቅ ባልዲ ልኮ ገዢው በአገሩ እንዲያሽገው መተው ሲሆን፣ ይህ የተሻለውን የትርፍ ክፍል ለገዢው አሳልፎ መስጠት በመሆኑ ድርጅቱ አልተቀበለውም። በመጨረሻ ፔት ተመረጠ፤ ይህ ምርጫ በራሱ ስህተት አልነበረም።

ስህተቱ የገባው በመጠኑ ላይ ነው። ከአቅራቢው ዘንድ በርካሽና በፍጥነት የሚገኘው የአንድ ሊትር ብልቃጥ ነበር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና «አንድ ኪሎ» እና «አንድ ሊትር» በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ተቀራራቢ ሆነው ተቀምጠዋል። ማር ግን ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ማር በአንድ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ወደ 700 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲሆን፣ የቀረው 300 ሚሊ ሊትር አየር ነው። የምርት ክፍል ኃላፊው ብልቃጡ ጎደል ማለቱን አስተውሎ ነበር፤ ሆኖም ሚዛኑ ትክክል ስለነበረ እንደ መልክ ጉዳይ ቆጥሮ አለፈው።

ችግሩ

ጭነቱ በአዋሽና በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ደርሶ ከዚያ በመርከብ ተሻገረ። ገዢው መጋዘኑ ውስጥ ኮንቴይነሩን ሲከፍት ያነሣቸው ፎቶግራፎች ሦስት ዓይነት ጉዳት ያሳዩ ነበር። አንደኛ፣ ብልቃጦቹ በጠቅላላ ማለት ይቻላል ጎናቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨማድደዋል፤ መለያውም አብሮ ተኮማትሯል። ሁለተኛ፣ በየፓሌቱ (ካርቶን በሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ላይ የታችኛዎቹ ሁለት ድርድሮች ካርቶኖች ተጨፍልቀዋል፤ በውስጣቸው ካሉት ብልቃጦች የብዙዎቹ ክዳን ተሰንጥቆ ማር ፈስሷል። ሦስተኛ፣ የፈሰሰው ማር አጎራባች ካርቶኖችን አርሶ ያልተጎዳውንም ብልቃጥ ለመሸጥ የማይመች አድርጎታል።

ለሥራ አስኪያጇ ከሁሉ የከበዳት ግን ከፎቶግራፎቹ ጋር የመጣው መልእክት ነው። ገዢው ብልቃጦቹ ጎደሎ መሆናቸውን አይቶ የተጭበረበረ መሰለው። በሚዛን ተመዝነው ሙሉ ኪሎ መሆናቸው ሲረጋገጥ ጥርጣሬው ቢነሣም፣ ደንበኛው መደርደሪያ ፊት ሆኖ ሚዛን እንደማይዝና ግማሽ የሚመስል ዕቃ እንደማይገዛ በትክክል ጻፈላት። በማር ንግድ ውስጥ እምነት ከዋጋ በላይ ስለሆነ ይህ ቃል ከፈሰሰው ማር የበለጠ ጉዳት ነበር።

መጀመሪያ የተጠረጠረው

ጉዳቱ እንደተሰማ ጣት የተቀሰረው በጫኝና አውራጆች ላይ ነው፤ ቀጥሎም በመንገዱና በሾፌሩ ላይ። የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው ትራንዚተርም ይህንኑ አሰበ። ድርጅቱ ወዲያውኑ የወሰደው እርምጃ ካርቶኑን ከነጠላ ወደ ድርብ ግድግዳ መቀየርና ክዳኑን በይበልጥ ማጥበቅ ነበር፤ ለሁለተኛ ሙከራም ጥቂት ካርቶኖች በዚሁ መንገድ ተላኩ። ካርቶኖቹ በተሻለ ሁኔታ ቆመው ደረሱ፤ ብልቃጦቹ ግን እንደ ፊተኛው ተጨማደዱ፣ ከልክ በላይ የጠበቁት ክዳኖችም ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ተሰነጠቁ። የተጨመረው ወጪ ምልክቱን እንጂ ምክንያቱን አልነካም።

እኔ የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው። ፎቶግራፎቹን ሳያቸው ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነበር፦ በጫና ወይም በመውደቅ የሚመጣ ጉዳት በአንዱ ላይ ይበረታል፣ በሌላው ላይ ይቀላል። እዚህ ግን ከፓሌቱ አናት ላይ ያለውና ምንም ያልተጫነበት ብልቃጥ እንኳ ከታችኛው እኩል ተጨማድዷል። እንዲህ ያለ ሁሉንም በእኩል የሚነካ ጉዳት ከሰው እጅ ሊመጣ አይችልም።

ምክንያቱ እንዴት እንደታወቀ

መልሱን በቀላል ቋንቋ የነገረን ጭነቱን የወሰደው ሾፌር ነው። ወቀሳው በእሱ ላይ ሲወድቅ ቅር ብሎት የነበረው ይህ ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ ጠጥቶ ክዳኑን የዘጋው ባዶ ሀይላንድ አዋሽ ሳይደርስ ራሱን በራሱ እንደሚጨማደድ፣ ከጅቡቲ ሲመለስ የሚገዛው የታሸገ የድንች ጥብስ ከረጢት ደግሞ ሽቅብ በወጣ ቁጥር እንደሚነፋ ነገረን። በዚያ መስመር የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ እሱን ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ሙከራ ባላስፈለገ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ብልቃጡ እዚህ ሲታሸግ በውስጡ የሚቀረው አየር ይህንኑ ዝቅተኛ ግፊት ይይዛል። ጅቡቲ ሲደርስ የውጭው አየር ብልቃጡን ከየአቅጣጫው ይጫነዋል፤ የውስጡ አየርም ይዞታው (የሚይዘው ቦታ) በሩብ ገደማ እስኪቀንስ ድረስ ይታመቃል። 300 ሚሊ ሊትር አየር በዚህ ስሌት የሚያጣው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ያህል፣ ነው። ማሩ በቀላሉ እንዲፈስ ወደ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ተሞቆ የሚሞላና ወዲያው የሚታሸግ መሆኑ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ተጨማሪ መኮማተር ያስከትላል። ስስ ግድግዳ ያለው ብልቃጥ ይህን ያህል ይዞታ ሊሰጥ የሚችለው በመጨማደድ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የጉዳት ሰንሰለት ግልጽ ሆነ። ካርቶኑ የተሠራው ብልቃጦቹ ቀጥ ብለው ቆመው ከላያቸው ያለውን ክብደት ይሸከማሉ በሚል ሐሳብ ነበር፤ ጎኑ የታጠፈ ብልቃጥ ግን ክብደት አይሸከምም፤ ስለዚህ ጫናው ሁሉ ወደ ካርቶኑ ዞረ። ካርቶን ደግሞ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ሲቆይ የመሸከም አቅሙ በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል፤ የባሕር ጠረፍ አየርም እንዲሁ ነው። ታችኛዎቹ ድርድሮች ሲሰምጡ ጫናው በክዳኖቹ ላይ አረፈ፣ ክዳኖቹ ተሰነጠቁ፣ ከክዳኑ ሥር የብልቃጡን አፍ የሚያሽገው ስስ ፎይል ተላቀቀ፤ በደጋው ብርድ እንደ ሊጥ ወፍሮ የነበረው ማርም በሙቀቱ ቀጥኖ በቀጭኑ ስንጥቅ ወረደ። ድርጅቱ ማፍሰሱን የፈተነው ብልቃጦቹን አዲስ አበባ ላይ ገልብጦ በማሳደር ነበር። በዚያ ቅዝቃዜ የረጋ ማር ክዳኑ ባይጠብቅም አይፈስም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ጅቡቲን ወደ ግቢው የሚያመጣ ፈተና ማዘጋጀት ነበረብን፤ በየሙከራው ጭነት መላክ አይቻልምና። በአዲስ አበባና በባሕር ወለል መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 2.5 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ውሃ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ 16 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው የፍሳሽ ቱቦ ገዝተን ታቹን ደፍነን በግድግዳ ላይ አቆምነው፤ ውሃ ሞልተንም ብልቃጡን ከድንጋይ ጋር አስረን በገመድ ወደ ታች አወረድነው። ቱቦው የሚነግረን ሁለት ነገር ነበር፦ ብልቃጡ ተጨማድዶ እንደሆነ ሲወጣ በከፊል ቢመለስም የታጠፈበት መስመር ይቀራል፤ ክዳኑና ፎይሉ የማይገጥሙ እንደሆነ ደግሞ ውሃ ስለሚገባ በፊትና በኋላ ሲመዘን ክብደቱ ይጨምራል። የአንድ ሊትሩ ብልቃጥ በመጀመሪያው ሙከራ፣ በፎቶግራፍ ያየነውን መልክ ይዞ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ ያንን ስታይ ወዲያውኑ ለሾፌሩ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችው።

ሁለተኛው ፈተና የሙቀት ነው። የታሸጉ ብልቃጦችን ገልብጠን በ45 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አቆየን፤ ከሥራቸውም ነጭ ወረቀት አነጠፍን።

በእነዚህ ሁለት ፈተናዎች የተለያዩ ናሙናዎችን አሳለፍን። በመጨረሻ የተመረጠው 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ክብ ቅርጽ ያለው፣ ግድግዳው ወፈር ያለ ፔት ብልቃጥ ነው። አንድ ኪሎ ማር ሲሞላበት የሚቀረው አየር ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ስለሆነ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ የሚቀንሰው ይዞታ አንድ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም፤ ይህን ደግሞ የብልቃጡ ግድግዳ ሳይታጠፍ ይችለዋል። ካሬ ቅርጽ ያላቸው ናሙናዎች ካርቶን ውስጥ ቦታ ባያባክኑም ሰፊ ጠፍጣፋ ጎናቸው ቶሎ ስለሚሰምጥ ተጣሉ።

የአሞላሉ ሥርዓትም ተቀየረ። የተሞሉት ብልቃጦች ክዳናቸው ላላ ብሎ እንደተደፋባቸው ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪጠጉ ይቆያሉ፤ ፎይሉ በማሽን የሚጣበቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ አሠራር በበጋ ያለ ችግር ሄዷል። በክረምት ግን ማር ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ፣ የእርጥበት መጠኑ ከፍ ሲልም የመፍላት አደጋ ስለሚመጣ፣ ብልቃጦቹ የሚቀዘቅዙበት ክፍል ተዘግቶ የእርጥበት ማስወገጃ እንዲገባለት ተደርጓል።

በካርቶኑ ላይ የተደረገው ለውጥ ከድርብ ግድግዳው ይልቅ በአሠራሩ ላይ ያተኮረ ነበር። አንድ ካርቶን በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው እንደ ሞገድ የታጠፈ ወረቀት (ሞገዱ) ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደት ይሸከማል፤ ሲጋደም ግን ይታጠፋል። የመጀመሪያው ካርቶን ለማተም እንዲመች በሚል ሞገዱ ተጋድሞ ተቆርጦ ነበር። ይህ ሲስተካከልና በብልቃጦቹ መካከል የካርቶን መለያያ ሲገባ፣ ነጠላ ግድግዳው ካርቶን በደረቅ ክፍል ውስጥ ከቀድሞው ድርብ ጋር ተቀራራቢ ክብደት ቻለ። ለባሕሩ እርጥበት ሲባል ድርቡ እንዲቀጥል ተደረገ፤ ነገር ግን በአንድ ካርቶን የሚገባው ብልቃጥ ከ12 ወደ 6 ዝቅ አለ። ይህም ካርቶኑን አንድ ሰው በሁለት እጁ አስተካክሎ እንዲያስቀምጠው አስችሎታል። ጫኞቹ ራሳቸው የጠየቁት ለውጥ ይህ ነበር።

የፓሌቱ አደራረብም ተለወጠ። ቀድሞ ካርቶኖቹ እንደ ጡብ ግንብ እየተጠላለፉ ይደረደሩ ነበር። ይህ ለዓይን ጠንካራ ይመስላል፤ የካርቶን ጉልበት ያለው ግን በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ነው፤ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ካላረፈ ከሚችለው ክብደት ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። አሁን ካርቶኖቹ ቀጥ ባለ ዓምድ ተደርድረው በአራቱ የፓሌት ጠርዝ የማዕዘን ካርቶን ቆሞላቸው በጠፍር ይታሰራሉ፤ ከፓሌቱ ጠርዝ ውጭ የሚወጣም የለም። ፓሌቶቹ በዓለም አቀፉ የእንጨት ማሸጊያ ደንብ መሠረት የእንጨቱ መሐል እስከ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀና ማኅተም ያለበት መሆን ስላለባቸው ከዚህ በፊትም በዚሁ መንገድ ይገዙ ነበር፤ በዚህ በኩል የተለወጠ ነገር የለም።

የሠራውና ያልሠራው

ከለውጡ በኋላ የተላከው ጭነት ብልቃጦቹ ቀጥ ብለው፣ መለያቸው ሳይጨማደድ ደርሷል። ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈው ብልቃጡ ሙሉ ሆኖ መታየቱን ነው። ትንሽ ብልቃጥ በመሆኑም በአንድ ፓሌት የሚጫነው ማር ጨመረ፤ ቀድሞ ኪራይ እየከፈልን አየር ስንጭን ነበር ማለት ነው።

መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አልተውነውም ነበር፤ ጥቂት ካርቶኖች ከዚያው ጭነት ጋር ሞከርን። ግፊቱ ምንም አላደረገውም። ይሁን እንጂ በአንድ ካርቶን ውስጥ አንዱ ሲሰበር የቀሩት አምስቱም ማርና ስባሪ ስለነካቸው ተጣሉ። ምግብ ከስባሪ ጋር ከተነካካ «ጠርጎ መሸጥ» የሚባል ነገር የለምና መስታወት ለዚህ ጉዞ ተገቢ ምርጫ ሆኖ አላገኘሁትም። በአውሮፕላን ለሚላክ አነስተኛ የስጦታ መጠን ግን አሁንም ያገለግላል።

ስለ አውሮፕላን ካነሣን፣ ድርጅቱ ከባሕሩ ጭነት አስቀድሞ ናሙና በአየር ልኮ ብልቃጦቹ ያለ እንከን ስለደረሱለት ነው በማሸጊያው የተማመነው። እነዚያ ናሙናዎች ግን ጥቂትና እፍኝ የማይሞሉ የ100 ግራም ብልቃጦች ነበሩ፤ ወፍራም ግድግዳ ነበራቸው፣ እስከ አፋቸውም ተሞልተው ነበር። የአንድ ሊትሩን ብልቃጥ ማንም በአየርም ሆነ በየብስ ወደ ቆላ አውርዶ አያውቅም።

የተረፉት የአንድ ሊትር ብልቃጦች ጉዳይ ያለ ኪሳራ አላለፈም። አምራቹ በአንድ ትእዛዝ የሚቀበለው አነስተኛ መጠን ከፍተኛ ስለነበረ በመጋዘኑ ብዙ ተከማችቶ ቀርቷል። ከፊሉን አንድ የለውዝ ቅቤ አምራች ለአገር ውስጥ ሽያጭ ገዛው፤ የቀረው እስካሁን አለ። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ በመሆኑ ይህ ጉዳት ከፈሰሰው ማር አይተናነስም።

ያልተፈታም ነገር አለ። ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር ማሩ ይሞቃል፤ በሙቀት የሚጨምረውና በላብራቶሪ የሚለካው ኤች.ኤም.ኤፍ. የተባለው ንጥረ ነገርም ከፍ ይላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለማር የሚፈቅደው በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር ደግሞ 80 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ብልቃጥም ካርቶንም አይከላከለውም። ድርጅቱ ለጊዜው የመረጠው ከዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆኑት ወራት በባሕር አለመላክን ነው።

ለሌሎች የሚጠቅም

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ምርት ሊሻገር የሚችለው የመጀመሪያው ነገር መጠንን የሚመለከት ነው። ብልቃጥ የሚሸጠው በሊትር ሲሆን ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት በኪሎ ናቸው፤ አንድ ኪሎ በርበሬ ከአንድ ሊትር በላይ ቦታ ሲፈልግ አንድ ኪሎ ማር ግን ከአንድ ሊትር ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። ማሸጊያ ከመታዘዙ በፊት ምርቱን በሚለካ ዕቃ ሞልቶ መመዘን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው በደጋ ለሚያሽግ ሁሉ የሚሠራ ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ አቅራቢ ለናሙናው ያደረገው ፈተና ለእኛ አይበቃም፤ የእሱ ዕቃ ሽቅብ ሲመጣ ይነፋል፣ የእኛ ቁልቁል ሲወርድ ይሰምጣልና ሁለቱ ተቃራኒ ጫናዎች ናቸው። ቱቦና ውሃ ያለው ሁሉ የራሱን ፈተና ማድረግ ይችላል፤ ቱቦ የሌለው ደግሞ ናሙናውን አዋሽ ድረስ ለሚወርድ ሰው ሰጥቶ ፎቶግራፍ ማስነሣት ይችላል።

ሦስተኛው የጉዳትን መልክ ማንበብ ነው። ጉዳቱ ከላይም ከታችም እኩል ከሆነ ምክንያቱ በአየሩ፣ በሙቀቱ ወይም በአሞላሉ ውስጥ ይፈለግ፤ ከታች የበረታ ከሆነ በአደራረቡና በካርቶኑ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ በአያያዙና በመንገዱ። በእኛ ጉዳይ ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡ የታችኛው ጎልቶ የላይኛውን ሸፈነው፤ ሠራተኞችም በማያውቁት ጥፋት ተወቀሱ።

ሥራ አስኪያጇ ዛሬ ፕሮፎርማ ስትጠይቅ ከዋጋና ከማስረከቢያ ጊዜ ሌላ አራት ጥያቄዎች ትጽፋለች፦ ብልቃጡ እስከ አፉ ሲሞላ ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ባዶው ስንት ግራም ይመዝናል፤ በአንድ ትእዛዝ የሚሸጠው አነስተኛው መጠን ስንት ነው፤ ከዚያ ትእዛዝ በፊት ለቱቦው ፈተና የሚሆኑ ሃያ ናሙናዎች መላክ ይቻላል ወይ። ለአራተኛው መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ወደ ውድድሩ አይገባም።